የስኳር ሕመምተኛ ወላጅ ላላችሁ ሁሉ፦ ለአንዲት ፋርማሲስት ምስጋናና ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አምጥታችሁ ለምታስታምሙ፦ ይህን የምጽፈው በሰፈራችን በሚገኝ አነስተኛ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ፋርማሲስትን በአደባባይ ለማመስገንና ያላወቃችኋት እንድታውቋት ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አከብራለሁ። ይሁንና የእናቴ የሽንት ፊኛ ካንሰር የፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ ሳይገባ የተደረሰበት በእርሷ ጥንቃቄ ነውና ዝም ማለት ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከሜትፎርሚን ጋር ፒዮግሊታዞን የተባለ ክኒን ስትወስድ ኖራለች። ባለፈው ዓመት ሽንት ቤት መመላለስ አበዛች፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። የሄድንበት የመጀመሪያው ቦታ ስኳሯ ስለጨመረ ነው አለን። ሁለተኛው ቦታ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ፤ ባልተሻላት ጊዜ በስልክ ብቻ፣ ሽንቷ ላቦራቶሪ ሳይላክ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ስኳር ያለበት ሰው በሽንት ኢንፌክሽን መጠቃቱ የተለመደ ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ግን ግምቱ ሲከሽፍ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ፣ አስተርጓሚው በማይሰማ ስልክ እያቋረጠ፣ እናቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ቀጠሮው ያልቅ ነበር። የሕመሙ ሁሉ ምክንያት በስኳር ሲላከክ ስኳር ያልሆነው ነገር መደበቂያ አገኘ። መድኃኒቱን ዓመት ከዓመት ሲሞሉልን የኖሩትም ቢሆኑ ፈርሙ ከማለት ያለፈ ነገር ጠይቀውን አያውቁም።

ወደዚህች እኅታችን የሄድነው መድኃኒት ቤቱ ለቤታችን ስለሚቀርብ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአገር ቤቱንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። ይዘን ስንመለስ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ፒዮግሊታዞኑ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ አንተ እስኪ የኢንሹራንሱን ነገር ከባልደረባዬ ጋር ጨርስልኝ» አለችኝና እናቴን ክትባት ወደሚሰጡበት ትንሽ ክፍል ወሰደቻት። ሆን ብላ እንዳራቀችኝ የገባኝ ኋላ ነው። በየቀጠሮው የማስተረጉመው እኔ ወንድ ልጇ ስለነበርሁ እናቴ ስለ ሽንቷ መልክ በፊቴ ተናግራ አታውቅም፤ በስልክ ለሚያስተረጉም ወንድ ድምፅም እንዲሁ አፍራለች። ፋርማሲስቷ በሩን ዘግታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እናቴ፣ ሽንትዎ ቀልቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ከወራት ጀምሮ አልፎ አልፎ እንደሚቀላ፣ ምንም ሕመም እንደሌለው፣ መጥቶ እንደሚጠፋ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር የበላችው ቀይ ሥር ነው ብላ እንዳለፈችው ነገረቻት። ቀይ ሥር ሽንትን ማቅላቱ እውነት ነው። ጾሙ ተፈቶ ቀይ ሥሩ ከገበታው ከቀረ በኋላም መቅላቱ ግን አልቆመም ነበር።

እናቴን አስፈቅዳ ጠራችኝና፣ ካቃጠላት ይልቅ ሳያማት መቅላቱ እንደሚያሳስባት ገለጸችልኝ። ሕመም የሌለው ደም የሽንት ፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው እየተባለ ምርመራው ይዘገያል። ወዲያው ወደ ሐኪሙ ቢሮ ደወለች፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ የሌላ ሰው መድኃኒት እየቆጠረች መስመሩ ላይ ጠበቀች፤ ሰው ስታገኝም ረጋ ባለ ግን በማያወላዳ ቃል አስረዳች። ይህም እንዳይበቃ ለምናየው ሐኪም የምንሰጠው አንድ ገጽ ጽፋ አተመችልን። ያ አንድ ገጽ ለእናቴ ከዚያ በፊት ከተደረገላት ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ብል አላጋነንሁም።

ያስረዳችኝን በገባኝ መጠን ላካፍላችሁ። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በሽንት ፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በመጠኑ ከፍ እንደሚል ጥናቶች ያመለክታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ልዩነቱን ወደ 24 በመቶ አስጠግቶታል። ይህ ማለት ግን ከመቶ የስኳር ታማሚ ሃያ አራቱ ይያዛል ማለት አይደለም፤ ከመነሻው አነስተኛ የሆነ ዕድል በሩብ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ምክንያቱ እስካሁን አልተቋጨም፦ የኢንሱሊን መብዛት፣ የሚመላለስ ኢንፌክሽን፣ ውፍረት፣ ወይም የስኳር ታማሚ ብዙ ስለሚመረመር ብዙ ስለሚገኝበት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ አደጋውን የሚያባብሰው ሲጋራ ነው፤ እናቴ ግን አጭሳ አታውቅም።

ስለ ክኒኑም ሳታጋንን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ የፒዮግሊታዞንን አገልግሎት አግዳለች፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ክኒኑን ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በካሊፎርኒያ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ የስኳር ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ግን የሚያስተማምን ግንኙነት አላገኘም። ሌሎች ጥናቶች ስላገኙ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያውን አጽንቶታል። ካንሰሩ ላለበት ሰው ክኒኑ አይታዘዝም፤ የሚወስደውም ሰው ሽንቱ ቢቀላ ወዲያው ለሐኪሙ መናገር አለበት። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። እኔ በንዴት ክኒኑን ዛሬውኑ አስጥላታለሁ ስል «አይሆንም፤ ስኳሯ ያለ ምትክ ይወጣብሃል፤ የሚቀይረው ሐኪሟ ነው» ብላ ገታችኝ። ሐኪሟም በዚያው ሳምንት በሌላ ቀየረላት። ካንሰሩን ያመጣው ክኒኑ ነው ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ በአንድ ሰው ላይ ይህን ለይቶ መናገር እንደማይቻል ከመመለስ ውጪ የሚያስደስተኝን መልስ ልትሰጠኝ አልፈቀደችም። ለዚህም አከብራታለሁ።

እናቴ ልጅ ሳለች አዋሽ ታችኛው ሸለቆ አካባቢ ኖራ እንደሆነም ጠይቃታለች። እናቴ ደገኛ ናት። የጥያቄው ምክንያት በዚያ አካባቢ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት መኖሩና እርሱም ለዚሁ ካንሰር መነሻ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያየናቸው ሐኪሞች ይህን ለመጠየቅ የሚያስችል የአገራችን እውቀት አልነበራቸውም።

የቀረውን የሠራው የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስቱ ነው። በካሜራ አይቶ እብጠቱን ፍቆ አወጣው፤ ዝርዝሩ አልገባኝም፤ ወደ ጡንቻው አለመድረሱ ግን ገብቶኛል። ከዚያም ቢሲጂ፣ ያው አገር ቤት ሕፃናት ለሳንባ ነቀርሳ የሚከተቡት፣ በፊኛዋ ውስጥ በየሳምንቱ ተጨመረላት። እናቴ «ለልጆቼ ክንድ ያስወጋሁትን ለእኔ እዚህ አደረጉብኝ» እያለች ሳቀች፤ ከወራት በኋላ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ይህ ካንሰር የመመለስ ጠባይ ስላለው አሁንም በየሦስት ወሩ በካሜራ ትታያለች። የቀጠሮውን ቀን ከእኔ ቀድማ የምታስታውሰውና ደውላ «እናቴ እንዴት ናቸው?» የምትለኝ ይህችው ፋርማሲስት ናት።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱላት። አደራ እላለሁ፣ ሂዱላት። መድኃኒት የምትገዙት ከሌላ ቦታ ቢሆንም እንኳ ታያችኋለች፤ ለምክሯ አታስከፍልም። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ የመድኃኒት ቤቱን አድራሻ እሰጣለሁ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ መድኃኒቶቹን ሁሉ በፌስታል መያዝ አትርሱ፤ እናንተንም ውጭ ጠብቁ ካለቻችሁ ቅር ሳትሰኙ ውጡላት።