ለአልዛይመር አይጦች የትኛው የአሚሎይድ ትሬሰር ይገዛ? ፒብ ወይስ ፍሎርቤታቤን

በአልዛይመር አይጦች (በዘረመል ተለውጠው የአልዛይመር ዓይነት ሕመም እንዲይዙ በተደረጉ አይጦች) ላይ ምርምር የሚጀምሩ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «በአንጎላቸው የሚከማቸውን አሚሎይድ በፔት ለማየት የትኛውን ትሬሰር እንግዛ?» አሚሎይድ በአልዛይመር አንጎል የሚከማች ፕሮቲን ነው፤ ትሬሰር በመርፌ የሚገባ ጨረር የሚሰጥ ሞለኪውል፣ ፔት ደግሞ ያን ጨረር የሚያነሣ ስካነር ነው። ፒብና ፍሎርቤታቤን ሁለቱም ከአሚሎይድ ጋር የሚጣበቁ ትሬሰሮች ናቸው። ሳይክሎትሮን (ጨረራማውን አቶም የሚያመርተው ማሽን) በዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሌላችሁ ፍሎርቤታቤን ግዙ። ቢኖራችሁም እኔ የምመርጠው ፍሎርቤታቤንን ነው። ዋጋውን በብልቃጥ አትቁጠሩት፤ ለትንተና የሚበቃ ምስል ባስገኘች በእያንዳንዷ አይጥ ቁጠሩት።

ፒብ ባለ ታሪክ ነው። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ ለዚህ ዘርፍ በር ከፍቷል። ችግሩ የተሸከመው ካርቦን-11 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንዲት አይጥ ስካነር ውስጥ አንድ ሰዓት ቆይታ ስትወጣ በብልቃጡ የቀረው ጨረር ከስምንት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ለሁለተኛዋ ያንኑ መጠን ለመስጠት ስምንት እጥፍ ፈሳሽ መውጋት ሊኖርባችሁ ነው። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ደግሞ በጅራቷ ደም ሥር ከ0.2 ሚሊ ሊትር ብዙ የሚበልጥ አትችልም። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት አይጦች አዲስ ምርት ማዘዝ ግድ ይላል፤ የሳይክሎትሮኑ ሰዓት፣ የኬሚስቱ ድካም፣ የጥራት ምርመራው ሁሉ እንደገና ይከፈላል። ፍሎርቤታቤን የያዘው ፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ ይተርፋል። ራቅ ካለ ማምረቻ በመኪና መጥቶም ለብዙ አይጦች ይደርሳል።

ከዚህ የከፋው ወጪ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ፒኤስ1/ኤፒፒ በሚባሉት የአልዛይመር አይጦች አንጎል ፒብ አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ ከ1,000 የአሚሎይድ ሞለኪውል ከአንድ በታች ሆኖ ተለክቷል፤ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ግን ከ500 በላይ ነው። ቦታው እንዲህ ጠባብ ከሆነ፣ በመርፌው አብሮ የሚገባው ጨረር አልባ ሞለኪውል ቀድሞ ይይዘዋል። ሻጩ ምርቱ በወጣበት ሰዓት የነበረውን የሞላር አክቲቪቲ (በአንድ መጠን ትሬሰር ውስጥ ያለው የጨረር ብዛት) ልክ ጽፎ ይልካል፤ አይጧ የምትወጋው ግን ቆይቶ፣ ልኩ ወርዶ ነው። ፍሎርቤታቤንም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፤ ሆኖም ቀስ ብሎ ስለሚደክም ለመጀመሪያዋና ለአራተኛዋ አይጥ የሚሰጠው ልክ ያን ያህል አይራራቅም። ለንጽጽር የሚሆን መረጃም ሞልቷል፤ ፒኤስ2ኤፒፒን በመሳሰሉ አይጦች ላይ ያንኑ እንስሳ በተለያየ ዕድሜው እየደጋገሙ የለኩ ጥናቶች አሉ።

ሌላውን የአሚሎይድ ትሬሰር፣ ፍሎርቤታፒርን፣ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁት አያሳፍርም። ፍሉቴሜታሞል የተባለውን ግን ለአይጥ አልመክርም፤ በኤፒፒ23 አይጦች ጭማሪ ቢያሳይም በቲጂ2576 ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ኤፍዲጂ ርካሽና የትም የሚገኝ በመሆኑ ያጓጓል። እርሱ የሚለካው የግሉኮስ አጠቃቀምን ነው፤ ማደንዘዣው፣ የአይጧ ሙቀት፣ ጾም ማደሯ ውጤቱን ያዛባሉ። አሚሎይድ ለማየት እርሱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ርካሽ መነሻ ውህድ፤ ፍሎሪን-18 ተጣብቆበት ትሬሰሩ የሚሆነው ኬሚካል። የማውቃቸው ሰዎች ራሳቸው ለማምረት ብለው «ያው ነው» ከተባለ አቅራቢ በግማሽ ዋጋ ገዙ። የንጽሕና ማረጋገጫው ከሌላ ምርት የተቀዳ ነበር። ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ኖሮ ፍሎሪኑ አልያዝ አለ፤ ውሃ የዚህ ኬሚስትሪ ጠላት ነው። መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ ቫልቮቹ ተቀየሩ፣ ቱቦዎቹ ታጠቡ፣ ጠጋኝ ተጠራ። በዚህ መካከል በየማለዳው የሳይክሎትሮን ኪራይ ይከፈላል። አይጦቹም ያረጃሉ፤ ለጥናቱ የታቀደችው ዕድሜ ካለፈች ለጥናቱ የተመደቡት አይጦች ከንቱ ቀሩ ማለት ነው። ከመነሻ ውህድ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ የአንድ ጥገና ወጪ እንኳን አልሸፈነም። አዲስ መነሻ ውህድ ሲመጣላችሁ ጥቂቱን ወስዳችሁ በራሳችሁ ክሮማቶግራፊ (የውህድን ንጽሕና በሚለይ መሣሪያ) ፈትሹት፤ ያለ ማረጋገጫ የመጣውን መልሱት።

ለአይጦቹም የምታወጡት ገንዘብ ከትሬሰሩ ምርጫ አይነጠልም። 5ኤክስፋድ የተባለው የአይጥ ዝርያ በሁለት ወሩ ፕላክ (የአሚሎይድ ክምር) ይጀምራል፤ ቲጂ2576 ግን አንድ ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፣ የቀለቡና የማደሪያው ወጪ ያን ያህል ይረዝማል። የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳን ስለማይሞላ በምስሉ ላይ የአንዱ ክፍል ጨረር ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ፍሎራይድ ከትሬሰሩ ተላቆ የራስ ቅል ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ኮርቴክሱ (የአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን) አሚሎይድ የሞላበት ይመስላል። ያረጁ አይጦች ሴሬቤለምም (ትንሹ አንጎል) ፕላክ ሊይዝ ስለሚችል በጭፍን ማነጻጸሪያ አታድርጉት።

ትእዛዙን ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፤ አይጧ በምትወጋበት ሰዓት የሚኖረው ሞላር አክቲቪቲ ስንት እንደሚሆን፣ ምርቱ ሳይሳካ ቢቀር ማን እንደሚከፍል፣ መዘግየቱ ስንት ደቂቃ ሲሞላ ገንዘባችሁ እንደሚመለስ። በሁለተኛው ላይ የሚያቅማማውን እለፉት።