ያገለገለ ስልክ ሲሸጡ፦ ለግለሰብ፣ ለሱቅ ወይስ በጭማሪ መቀየር?

አንድ ዓይነት ስልክ እንደሚሸጥበት መንገድ የተለያየ ዋጋ ያወጣል። ማስታወቂያ አውጥቶ ለግለሰብ የሚሸጥ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ገንዘብ ያገኛል። ሱቅ ከዚያ ዝቅ ያለ ይሰጣል። አሮጌውን አስረክቦ ጭማሪ በመክፈል አዲስ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ ገንዘብ በእጁ ላይገባ ይችላል። በዋጋ ብቻ ካየነው መልሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገዢ መፈለግ፣ መከራከር፣ ክፍያው እውነተኛ መሆኑን ማጣራት፣ ከሳምንት በኋላ «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» ብሎ ለሚደውል ሰው መልስ መስጠት ሁሉ ሥራ ነው። ለግለሰብ ሲሸጡ ሥራውም አደጋውም የእርስዎ ይሆናል፤ ሱቅ ሁለቱንም ይረከብና ሒሳቡን ከዋጋው ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት የትኛውን ሸክም መሸከም እንደሚችሉ ይወቁ።

ለግለሰብ መሸጥ

ጥሩ ይዞታ ላይ ላለ፣ ካርቶኑና ደረሰኙ ለተቀመጠ፣ ገና የሶፍትዌር ማሻሻያ ለሚደርሰው ስልክ ይህ መንገድ ያዋጣል። ጎግል ከፒክስል 8 (እ.ኤ.አ. 2023)፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 (እ.ኤ.አ. 2024) ጀምሮ ለዋና ዋና ሞዴሎቻቸው የ7 ዓመት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው ይህንን በማስታወቂያው ላይ ቢጽፍ ይጠቅመዋል፤ የሚያውቅ ገዢ የሚከፍለው ለቀሪው ዕድሜም ጭምር ነውና። ጉድለቱንም ቢሆን በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ጭረቱ፣ የተቀየረው ስክሪን፣ የባትሪው ጤንነት አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ የሚነሳ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ስለ ባትሪ ሲጠየቁ መነሻ የሚሆን ቁጥር ካስፈለገ፣ አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ የኃይል ዙር (ባትሪው ሙሉ አቅሙን ያህል ተጠቅሞ እንደገና መሞላት) በኋላ፣ ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው እንደተሠሩ ይገልጻል።

የዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ ክፍያው ላይ ነው። «ልኬያለሁ» ተብሎ የሚታይ ስክሪንሹት በቀላሉ ይፈበረካል፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክትም እንደዚያው። ማመን ያለብዎት የራስዎን የባንክ መተግበሪያ ከፍተው ሒሳብዎ ላይ ሲያዩት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ የባንክ መተግበሪያው ያለው በሚሸጠው ስልክ ላይ ከሆነ በምን ሊያዩት ነው? ወደ ቀጠሮው ከመሄድዎ በፊት መተግበሪያው በሌላ ስልክ ላይ ገብቶ መሥራቱን ያረጋግጡ። ቀጠሮውም በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ባንክ ውስጥ መገናኘት ሁለት ችግር ያቃልላል፤ ገንዘቡ እዚያው ይቆጠራል፣ እዚያው ገቢ ይደረጋል።

ሁለት ዓይነት ማታለያ ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው «በስህተት ከዋጋው በላይ ስለላክሁ ልዩነቱን መልስልኝ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ሐሰተኛ ወይም ሊሰረዝ የሚችል ይሆናል፤ የሚመልሱት ግን እውነተኛ ገንዘብዎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ትክክለኛ ሻጭ መሆንህን ላረጋግጥ፤ ስልክህ ላይ የሚደርሰውን ቁጥር ላክልኝ» ይላል። ያ ቁጥር ወደ አንዱ አካውንትዎ መግቢያ ኮድ ነው፤ ለማንም አይላክም። ስልኩን ለማያውቁት ሰው በፖስታ መላክ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ የሚቆይ የታመነ አገናኝ ከሌለ በስተቀር አልመክርም።

ገዢው ስልኩን መሞከር ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ግን ፎቶዎና መልእክቶችዎ ባሉበት አይሁን። ከቤት ሳይወጡ ሁሉን አጥፍተው፣ ያለ አካውንት እንዲከፈት አድርገው ይውሰዱት። አይፎንም አንድሮይድም ሲጀመሩ አካውንት የማስገባቱን ደረጃ መዝለል ይፈቅዳሉ። ካሜራው፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩ በዚህ ሁኔታ ሁሉ ይሞከራል፤ ጥሪ ለመሞከር ገዢው የራሱን ሲም ያስገባ። *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ (የአይኤምኢአይ) ቁጥር የተሰረቀ ስልክ አለመሆኑን ለማጣራት ስለሚጠቅም ለገዢው በአካል ያሳዩት፤ በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ግን እንዳይታይ ይሸፍኑት። ከዚያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ ያለበት አጭር ወረቀት በሁለት ቅጂ ይጻፍ። ስልኩ ነገ ወንጀል ላይ ቢውል ባለቤትነቱ መቼ እንደተላለፈ የሚመሰክርልዎ እሱ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቢሆን እንኳ ወረቀቱን መተው አያስፈልግም።

ለሱቅ መሸጥ

ፍጥነት የሚፈልግ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር መገናኘት የማይወድ፣ ወይም ስልኩ እንከን ያለበት ሰው ወደ ሱቅ ቢሄድ ይሻላል። ባለሱቁ ስልኩን አይቶና ፈትሾ ስለሚገዛ የኋላ ቅሬታ ይቀንሳል፤ አድራሻው የታወቀ ስለሆነም ነገር ቢመጣ የሚጠየቅ አካል አለ። ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ እንኳ ለመለዋወጫ ሲባል ይገዛል። የዋጋው ነገር ግን ያሳዝናል፤ ሱቁ ማትረፍም፣ ሳይሸጥ ቢቆይበት የሚመጣውን ኪሳራ መሸፈንም አለበትና። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ሱቅ ዞሮ መጠየቅ ብዙ ልዩነት ያመጣል፤ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ተቀብሎ መውጣት ግን ችኮላ ነው።

መረጃን በተመለከተ ሱቅ ከግለሰብ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል እላለሁ። ግለሰቡ ስልኩን የሚያየው እርስዎ ፊት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን «ትንሽ እንፈትሸው» ተብሎ ወደ ጓዳ ሊገባ ይችላል። «ፓስዎርዱን ንገሩንና እኛ እናጠፋዋለን» የሚል ቅን የሚመስል ግብዣ አይቀበሉ። ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ሳይጨርሱት ስልኩ ከእጅዎ አይውጣ።

በጭማሪ መቀየር

አዲሱን ስልክ ከዚያው አምራች ወይም ሻጭ ለመግዛት አስቀድመው ከወሰኑ ይህ ምቹ ነው። ካልወሰኑ ግን አይመረጥም፤ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ለቀጣይ ግዢ የሚታሰብ ስለሆነ ገንዘብ ለሚያስፈልገው ሰው መፍትሔ አይሆንም። በኢንተርኔት የሚሰጠው ግምትም የመጨረሻ ዋጋ አይደለም፤ ስልኩ ደርሶ ሲመረመር ሊቀንስ ይችላል። ከመላክዎ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ፣ ስክሪኑ በርቶ ጭምር ፎቶ ያንሱት፤ ቅናሹን ካልተስማሙበት ስልኩ ያለ ክፍያ ይመለስልዎ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አዲሱን ተቀብሎ አሮጌውን እዚያው ቆሞ ማስረከብ ቀልጣፋ ቢመስልም እኔ አልወደውም። ፎቶዎቹ ወደ አዲሱ መሻገራቸውን፣ የባንክ መተግበሪያው መግባቱን፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣው መተግበሪያ መሥራቱን ለማየት ቢያንስ አንድ ምሽት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ኮድ አውጪ መተግበሪያዎች አንዱ የሆነው ጎግል ኦተንቲኬተር ኮዶቹን ከአካውንት ጋር ማመሳሰል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ያንን ያላበራና ኮዶቹን አስቀድሞ ወደ አዲሱ ስልክ ያላሻገረ ሰው አሮጌውን ስልክ ሲያጠፋ ኮዶቹን አብሮ ያጠፋል። የማስረከቢያ ጊዜ የሚሰጥ ሻጭ ካለ እሱን ይምረጡ።

አይፎንና አንድሮይድ ከሻጭ ዓይን ሲታዩ

ሁለቱም ስልኩ ቢሰረቅ እንዳይጠቅም የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 (የአይፎን ሶፍትዌር) ጋር አመጣው፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ከስሪት 5.1 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ አለ። ሻጩ አካውንቱን ሳያስወጣ ከሸጠ ገዢው የማይከፈት ስልክ ይዞ ይቀራል፤ እርስዎም ሌባ ሊባሉ ይችላሉ።

አይፎን ላይ ሥራው ቀለል ይላል። በቅንብሮች ውስጥ «ሁሉንም ይዘትና ቅንብር አጥፋ» የሚለውን ሲመርጡ የአካውንቱን ፓስዎርድ ይጠይቅዎና ቁልፉን አብሮ ያነሳል። አንድሮይድ ላይ ግን አካሄዱ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በቅድሚያ የጎግል አካውንትን፣ ቀጥሎ የሳምሰንግ ወይም የሻዎሚ አካውንት ካለ እሱንም ማስወጣት፣ ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ (ስልኩን ሁሉን አጥፍቶ ወደ አዲስነቱ መመለስ) ይሻላል። የስክሪን ቁልፍዎን ስለረሱ በስልኩ ጎን ባሉት አዝራሮች ብቻ ሪሴት ካደረጉት አካውንቱ ውስጡ እንደተቆለፈ ይቀራል። የጎግል ፓስዎርድዎን በቅርቡ ከቀየሩም ጎግል ራሱ ሪሴት ከማድረግዎ በፊት 24 ሰዓት እንዲጠብቁ ይመክራል።

«ከጠፋ በኋላ መልሰው ማውጣት ይችላሉ ወይ?» የሚለው ስጋት ተደጋግሞ ይነሳል። በዘመኑ ስልኮች ላይ መረጃው የሚቀመጠው ተመስጥሮ ነው፤ ሪሴት ሲደረግ የምስጢሩ ቁልፍ ስለሚጠፋ የቀረው የማይነበብ ይሆናል። አይፎን ላይ ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 3ጂኤስ ጀምሮ አለ። አንድሮይድ ከስሪት 10 (እ.ኤ.አ. 2019) ወዲህ ለአዲስ ስልክ ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። ከዚያ የቆየ አንድሮይድ ያለው ሰው በቅንብሮች ውስጥ ማመስጠሪያውን አብርቶ ከዚያ ሪሴት ቢያደርግ ይመረጣል። ሚሞሪ ካርድ ግን በሪሴት ይጠፋል ብለው አይተማመኑ፤ አውጥተው ያስቀሩት፣ ሲሙንም እንዲሁ። ኢሲም (ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሲያጠፉ «ይቆይ ወይስ ይሰረዝ» ተብሎ ሲጠየቁ ይሰረዝ ይበሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ ፎቶዎችንና የስልክ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየሰረዙ ስልኩን «ለማጽዳት» አይሞክሩ። አካውንቱ እንደገባ ከሆነ ስረዛው ወደ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ወይም ወደ ጎግል ይሻገርና ከአዲሱ ስልክዎም ላይ ይጠፋሉ። መጀመሪያ ባክአፕ ማድረግ (ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ)፣ ቀጥሎ አካውንት ማስወጣት፣ በመጨረሻ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ማጥፋት የማይቻል ስልክ

ስክሪኑ የሞተ ስልክ ያለው ሰው ምርጫው ይጠባል። ስልኩ አሁንም የሚበራና ኢንተርኔት ያለው ከሆነ ከሌላ ስልክ ወይም ከኮምፒውተር በአፕልም ሆነ በጎግል የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አገልግሎት ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ በአስማሚ የኮምፒውተር ማውስ ስለሚቀበል በዚያ መንገድ ከፍቶ ማጥፋትም ይሆናል። ሁለቱም ካልሠሩ፣ ስክሪን ለማስቀየር የሚወጣው ገንዘብ ከስልኩ ዋጋ በታች ከሆነ አስጠግኖ፣ አጥፍቶ መሸጥ ነው። ካልሆነ ለማንም አይሽጡት፤ ለመለዋወጫ የሚሰጠው ጥቂት ገንዘብ ውስጡ ላለው ነገር አይመጥንም። ባትሪው ያበጠ ስልክ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ ሳይደረግ ለባለሙያ ይሰጥ።

ስልኩ ከተሸጠ በኋላ አካውንትዎ ውስጡ መቅረቱ ትዝ ካለዎትም አልረፈደም። አይፎን ከሆነ ከአይክላውድ ድረ ገጽ ከሩቅ አጥፍተው ከአካውንትዎ ዝርዝር ያስወግዱት፤ ያኔ ለገዢው ይከፈትለታል። አንድሮይድ ከሆነ በጎግል አካውንትዎ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ያስወጡት፣ ፓስዎርድዎንም ይቀይሩ፤ ቴሌግራም ላይም «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተው የድሮውን ስልክ ይዝጉት። ገዢው ደውሎ ስልኩ አካውንት ጠየቀኝ ካለ ፓስዎርድ አይንገሩት። በአካል ተገናኝተው እርስዎ ራስዎ ያስገቡለት።