ሻጮች የማይነግሩን ቁጥር፦ የሌዘር መቁረጫዬ በአዲስ አበባ ከፍታ

የሌዘር መቁረጫ የሚሸጡ ሰዎች ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሴንቲሜትር ቦታ እንደሚይዝ፣ ስንት ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ እንደሚቆርጥ፣ በሰከንድ ምን ያህል እንደሚፈጥን አንዱንም ሳያስቀሩ ይዘረዝሩልናል። ከባሕር ወለል በላይ እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚሠራ ግን ትንፍሽ አይሉም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ለሚኖር ገዢ ከዝርዝሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የተዘለለው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ማሽኑ ባለ 40 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። ዋናው አካሉ በውኃ የሚቀዘቅዝ የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ ቱቦው ውስጥ በታሸገው ጋዝ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲለቀቅበት ለዓይን የማይታይ ጨረር ያመነጫል። ጨረሩ በመስተዋቶች እየተንጸባረቀ ሄዶ በሌንስ አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ እንጨቱን አቃጥሎ ይቆርጠዋል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ኩማር ፓቴል በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ግሎውፎርጅ የተባለ የሲያትል ኩባንያ ለጠረጴዛ የሚሆን ሌዘር ገና ለገዢዎች ሳያደርስ በ30 ቀን ውስጥ የ27.9 ሚሊዮን ዶላር ቅድመ ትዕዛዝ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ወርክሾፕ አደራጅተው ቪዲዮ ከሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ጀርባ አንድ የሌዘር ሣጥን ይታያል።

እኔም የእንጨት ሥራ በአማርኛ የሚያስተምር ቪዲዮ የምሠራው በግቢያችን ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑን የገዛሁት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በወጣበት ጊዜ ነው። ያ ገንዘብ በስንት ድካም እንደተጠራቀመ የማውቀው እኔ ነኝ። ቅሬታዬን የሚያነብ ሻጭ ይህን ከግምት ያስገባልኝ።

መልካሙን ቶሎ ልናገርና ልለፍ። ሲሠራ እጅግ ጥሩ ይሠራል። ባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በአንድ ዙር ይቆርጣል። የሐረግ ጌጥ ያለው አትሮኖስ ሠርቼበታለሁ፤ ልጆች ፊደል የሚለዩበት የእንጨት ገበታም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ለቱቦው ተስማምቶታል፤ ሞቃት አገር ያሉ ሰዎች ውኃውን ለማቀዝቀዝ ተጨማሪ ማሽን ሲገዙ የእኔ ግን ከባልዲ በሚዘዋወር ውኃ ብቻ ሙቀቱን ጠብቆ ይውላል።

ችግሩ የጀመረው በተቆረጡት መስመሮች ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር መሐል ላይ ድንገት ሳይበሳ ያልፍና እንደገና ይቆርጣል። ከጣውላው ላይ የሚነሣው ቅርጽ ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ እንደተያዘ ይቀራል። ለሻጩ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሌንሱን አጽዳ አለኝ፤ አጸዳሁ። መስተዋቶቹን አስተካክል አለኝ፤ አስተካከልኩ። ከዚያ ቱቦው አልቋል ብሎ ሌላ ቱቦ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ስከራከረው በዋስትናው መሠረት አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ክፍል፣ ላከልኝ፤ እሱም ከመጀመሪያው ምንም አልተለየም።

ፍንጩን ያገኘሁት ከማይክሮፎኔ ነው። ለቪዲዮ የቀረጽኩትን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ስቆራርጥ፣ ከጭስ ማስወጫው ማራገቢያ ጩኸት ሥር ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። የድምፁን ሞገድና የቪዲዮውን ሥዕል ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ሌዘሩ እንጨቱን ሳይበሳ ያለፈባቸው ቦታዎች ሁሉ ጠቅታው ካለበት ጋር ገጠሙ። ማራገቢያው በጣም ስለሚጮህ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ በጆሮዬ ልሰማው የምችል ነገር አልነበረም።

የጠቅታው ምንጭ በማሽኑ የኋላ ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ቱቦው በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነበር። ቱቦውን ለማቀጣጠል የሚለቀቀው ቮልቴጅ ወደ 20,000 ይደርሳል። ይህን ኃይል ከማሽኑ የብረት አካል የሚለየው የሽቦው ሽፋንና በመሐል ያለው አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ ደረቅ አየር በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ያህል ይቋቋማል። ይህ አቅሙ ግን ከግፊቱ ጋር ይወርዳል፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ፓሸን የአየር ግፊትና የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዴት እንደሚዛመዱ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳይቷል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ተሠርቶ፣ እዚያው ተሞክሮ፣ ለጥቂት የተረፈ ክፍተት የተተወለት ማሽን እዚህ ሲመጣ ያ ክፍተት አይበቃውም። ኃይሉ ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ ወደ ብረቱ ይዘላል፤ በዚያች ቅጽበት ጨረሩ ይጠፋል።

ይህ ምስጢር አለመሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚሠሩበት የደኅንነት መስፈርት 2,000 ሜትርን እንደ መነሻ ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ለሚውል ዕቃ የአየር ክፍተቱ እንዲሰፋ ያዛል። ከቻይና የሚመጡ አንዳንድ ቻርጀሮችን ገልብጣችሁ ብታዩ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። እኔ የካሜራዬ ቻርጀር ላይ አግኝቼዋለሁ። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቻርጀር የሚናገረውን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የሌዘር ማሽን መመሪያው ውስጥ አንድም ቦታ አላገኘሁም።

መፍትሔው ከሻጩ አልመጣም። ፒያሳ የነበረው ሱቃቸው ሲፈርስ ወደ መርካቶ የተዛወሩ አንድ አዛውንት የቴሌቪዥን ጠጋኝ አሉ። የድሮዎቹን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በእነዚያ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ መኖሩ የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ጋሼ ማሽኔን ሲያዩ አዲስ ነገር ያዩ አልመሰላቸውም። ክፍሉን አጨልም አሉኝ። ክዳኑ እንደተዘጋ ሌዘሩን ለአፍታ ስናስነሣው በኋላው ክፍል ቀዳዳ ሐምራዊ ብርሃን ሲንቀለቀል ታየ። ዓይናቸው ያረፈው የሽቦው ጫፍ ላይ ነበር፤ ሹል ሆኖ የተቆረጠ ጫፍ ኤሌክትሪኩን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋልና መጀመሪያ እሱ መስተካከል አለበት አሉ።

ከመንካታቸው በፊት ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቀሉ፣ ጠበቁ፣ ቀሪውን ቻርጅ አስወገዱ። ሲሠሩም በሙያው የኖረ ሰው እንደሚያደርገው አንድ እጃቸውን ከጀርባቸው አላነሡም። መጋጠሚያውን ሹል ነገር እንዳይኖረው አድርገው በክብ በየዱት። ሽቦውን ለከፍተኛ ቮልቴጅ በሚሆን ወፍራም የሲሊኮን ሽቦ ቀየሩት፤ ከብረቱ አራቁት፤ መጋጠሚያውን ብረት በማይበላ ሲሊኮን ሞልተው ሸፈኑት። ቤታችን አሮጌ በመሆኑ ግራውንድ ሽቦ አልነበረውም፤ ለማሽኑ ብቻ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብረን አገናኘንለት። ጠቅላላ ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ለማንበብ ቀላል ሥራ ማንም በራሱ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ይህ ቮልቴጅ ሰው ይገድላል።

ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣሉ። በክረምቱ ማለዳ ብቻ፣ ጭሱ የተወው ጥላሸት እርጥበት ሲጠጣ፣ ጠቅታው ትንሽ ይመለሳል። መሸፈኛውን በደረቅ ጨርቅ አስወልውዬ ክፍሉን ካሞቅሁት ይጠፋል። በእርግጥ ይህን ሁሉ የማደርገው ማሽኑን ነቅዬ ነው።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለውን አውቃለሁ፦ ሌሎች ደንበኞቼ አላማረሩም ይለኛል። ደንበኞችህ የት የት ናቸው? ደርባን ነው ዱባይ ነው? ማሽኑን የላክህበት አድራሻ ላይ አዲስ አበባ ተብሎ ተጽፏል፤ የከተማዋ ከፍታ ደግሞ ማንኛውም የትምህርት ቤት አትላስ ላይ ይገኛል። ዋስትናው ከፍታን አይሸፍንም ካልክ ከመግዛቴ በፊት ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ቱቦው አልቋል ብለህ ሁለተኛ ቱቦ ልትሸጥልኝ መሞከርህን ግን በምንም ልታስረዳኝ አትችልም።

ቪዲዮ ለሚሠሩ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። በውጭ አገር ማሽን በነጻ ተልኮላቸው የሚገመግሙ ሰዎች ስጦታ መሆኑን ይናገራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ይህን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ግምገማው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው ማሽኑ ገና ከካርቶን በወጣበት የጫጉላ ሳምንት ነው። የመጀመሪያዋ የተቀረጸች የቁልፍ መያዣ ታምራለች፤ ቪዲዮው በዚያ ያበቃል። ስለ ግራውንድ፣ ስለ ጭስ ማስወጫ፣ መብራት ሲቋረጥ የውኃው ፓምፕም አብሮ ስለ መቆሙ፣ ፒቪሲ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚመርዝ አሲዳማ ጋዝ እንደሚያወጣና ማሽን ውስጥ ፈጽሞ መግባት እንደሌለበት የሚናገር ስንት ነው? የእኛ ተመልካቾች እነዚያን ቪዲዮዎች አይተው ነው ቁጠባቸውን የሚያወጡት። በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች ቢያንስ ከምንኖርበት ከተማ የተገኘውን ውጤት እንንገራቸው።

ታዲያ ገዝቼዋለሁና ይቆጨኛል? አይቆጨኝም። ማሽኑን እወደዋለሁ፤ ዛሬ ማንም ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ቢሰጠኝ አልሸጠውም። ለሻጩ ግን ሁለተኛ ሳንቲም አልከፍልም፤ ቱቦው በእርግጥ ያለቀ ቀን ሌላ ቦታ ፈልጌ እገዛለሁ።

ለሚገዙ ሰዎች ምክሬ እንደየከተማቸው ይለያያል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ከ2,000 ሜትር በታች ናችሁና ያለ ብዙ ሥጋት ግዙ፤ ሙቀት የሚበዛበት ከተማ ያላችሁ ደግሞ ለውኃ ማቀዝቀዣ ገንዘብ ያዙ። አዲስ አበባና ደሴ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩ እስከ ስንት ሜትር እንደተፈቀደ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፤ በቁጥር ካልመለሰላችሁ ተዉት። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ላላችሁ ይህን ማሽን አልመክርም። በመስታወት ቱቦ ፈንታ ዲዮድ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ አካል የሚሠራውን ሌዘር ውሰዱ። እሱ ከ12 ወይም ከ24 ቮልት ስለማያልፍ ከፍታው ቮልቴጁን አያስዘልለውም፤ ብርሃን አሳላፊ አክሪሊክ አይቆርጥላችሁም፣ ወፍራም እንጨት ላይም ዘገምተኛ ነው፣ ነገር ግን የጀመረውን መስመር ይጨርሳል።