ብሩኖ ሳማርቲኖ ወይስ ሀልክ ሆጋን፦ ከማን ልጀምር?

የድሮ ሬስሊንግ ማየት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ምርጫ ይሄ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሻምፒዮንነት ቀበቶ፦ ብሩኖ በ1963 ባዲ ሮጀርስን በ48 ሰከንድ ጥሎ ወሰደው። እስከ 1971 ማንም አልነጠቀውም። ሆጋን በ1984 አይረን ሺክን አሸንፎ አራት ዓመት ያዘው።

ለማግኘት፦ ሆጋን ይቀላል፤ ዩቲዩብ ሞልቶታል። የብሩኖ የ1960ዎቹ ምስሎች ግን ጥቂት ናቸው።

ሕይወት፦ እዚህ ላይ ልቤ ወደ ብሩኖ ያደላል። ልጅ እያለ ጣሊያን ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእናቱ ጋር ተራራ ላይ ተደብቆ ነበር። እናቱ ጀርመኖች ወደያዙት መንደር ተደብቃ እየወረደች ምግብ ታመጣ ነበር። በ1950 ፒትስበርግ ሲገባ ከሲታ ልጅ ነበር፤ ክብደት እያነሳ ገዘፈ። በ1971 በኢቫን ኮሎፍ ሲሸነፍ የኒው ዮርኩ አዳራሽ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጸጥ ከማለቱ የተነሳ፣ ብሩኖ «ጆሮዬ ደነቆረ ወይ?» ብሎ ነበር።

ሆጋን ደግሞ ትርኢት ነው። ቢጫ ካናቴራውን ይቀድድ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሕዝቡን ያስጮኽ ነበር። በ1987 ግዙፉን አንድሬን ተሸክሞ ያፈረጠበት ቅጽበት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ስም፦ ሆጋን በ2015 የዘረኝነት ንግግሩ ወጥቶ ከሬስሊንግ ድርጅቱ WWE ተባሯል፤ በ2018 ቢመለስም ብዙዎች አልረሱለትም። ብሩኖ ስቴሮይድን (ጡንቻ ማጎልበቻ መድኃኒት) ተቃውሞ ለዓመታት ከድርጅቱ ርቆ ኖሯል፤ የታረቀው በ2013 ነው።

ከልጆች ጋር ለመዝናናት ከሆነ ሆጋን። የስደተኛ ታሪክ ለሚነካው ሰው ብሩኖ።