«የዓባይ ክሩዝ» ተብሎ ለበዓል የሚሸጠው ፓኬጅ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በዓል ሲቃረብ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎችና በየቴሌግራም ቻናሉ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል፦ «3 ሌሊት 2 ቀን ባሕር ዳር፣ የዓባይ ወንዝ ክሩዝ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ 7 ገዳማት፣ ሁሉም ተካቷል»። በጣና ላይ በጀልባ መሄድ ምንም እንከን የሚወጣለት ነገር አይደለም። የሚያስቆጨው አዲስ አበባ ላይ የተከፈለበት ነገር ውሃው ላይ አለመኖሩ ነው።

ከፎቶው እንጀምር። ባለ ሦስት አራት ፎቅ ነጭ መርከብ፣ ከጀርባው የቴምር ዛፍና አሸዋማ ኮረብታ ካያችሁ፣ ያ ግብፅ ውስጥ በሉክሶርና በአስዋን መካከል የሚመላለስ መርከብ ነው። ውሃው የእኛ መሆኑ እውነት ነው፤ መርከቡ ግን እዚያው ነው። ባሕር ዳር የሚጠብቃችሁ ከኋላው ሞተር የታሰረበት፣ ከላይ ለፀሐይ መከለያ ያለው፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረው የሚቀመጡበት ጀልባ ነው። ለጣና ይበቃል፤ ግን በዚያ ፎቶ ዋጋ አይሸጥም።

«በጀልባ እስከ ፏፏቴው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ የማይሆን ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከከተማዋ ጥግ ነው። ከመውጫው ትንሽ ዝቅ ብሎ የሐይቁን ውሃ የሚቆጣጠር ባለ በር ግድብ ተሠርቷል፤ ከዚያ በታች ወንዙ በድንጋይ መሀል እየተሰነጣጠቀ ይወርዳል። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የሚደረሰውም በመኪና ነው። እንግዲህ «ክሩዝ» የተባለው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከባሕር ዳር ተነስቶ የዓባይ መውጫ ደርሶ መመለስ ነው፤ ጉማሬ ከተገኘ ይታያል፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ያልፋሉ፣ በቃ። ወይም ፏፏቴውን አይታችሁ ስትመለሱ ወንዙን የምታሻግረው ትንሽ ጀልባ ናት፤ እሷ ላይ ተቀምጣችሁ ሳትመቻቹ ማዶ ትደርሳላችሁ። ሻጩን «ክሩዙ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?» በሉት። ያልሄደበት ሰው ይንተባተባል።

ስለ ፏፏቴው ራሱ ሁለት ነገር እወቁ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ጭሱ ሰማይ የነካ ፎቶ የነሐሴ ወይም የመስከረም ነው። ፓኬጁ የሚሸጠው ግን ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውሃ ወደ ጢስ ዓባይ አንድ (1956 ዓ.ም.) እና ሁለት (1993 ዓ.ም.) የኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል፤ በለስ ተመልሶ ዓባይን ቢቀላቀልም የሚቀላቀለው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ የሚሄድ ሰው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ራቁቱን የቀረ ገደልና በአንድ በኩል የሚወርድ ቀጭን ውሃ ሊያገኝ ይችላል። ፏፏቴውን ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሂዱ። በሌላ ወቅት ያን ፎቶ የሚለጥፍ ሻጭ ስለ ወቅቱ አንድ ቃል ካልጻፈ እያወቀ ነው።

«7 ገዳማት» የሚለውን በሰዓት ቁጠሩት። ከባሕር ዳር ዘጌ ልሳነ ምድር ድረስ በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር መውጣት አለ፤ አዝዋ ማርያምም እዚያው ልሳነ ምድር ላይ ናት። ሁለቱን በደንብ ለማየትና ለመመለስ ግማሽ ቀን ያልቃል። ዳጋ እስጢፋኖስና ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ የሐይቁ መሀል ናቸው፤ ለእነሱ ሙሉ ቀን ካልተመደበ ስማቸው ለጌጥ ነው የገባው። ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ጥንት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ጥፋቱ የገዳሙ አይደለም። ለባልና ሚስት፣ ለእናትና ለሴት ልጅ ፓኬጅ እየሸጠ ይህን የማይናገር ሻጭ ግን ሴቶቹ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁበትን ሰዓት ነው የሸጠላቸው። የየገዳሙ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያም ብዙ ጊዜ «ሁሉም ተካቷል» ውስጥ የለም። በጽሑፍ ጠይቁ።

የዋጋው ተንኮል ያለው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚከራየው በጉዞ ነው፤ አምስት ሆናችሁም አሥር ሆናችሁም ባለጀልባው የሚጠይቀው ለመንገዱና ለነዳጁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በሰው ራስ ትከፍላላችሁ። ሻጩ ለአንድ ጀልባ ከፍሎ የአሥራ አምስት ሰው ይሰበስባል፤ ሃያኛውን በጫነ ቁጥር ትርፉ እናንተ በምትጠባበቡበት ልክ ያድጋል። «በአንድ ጀልባ ስንት ሰው ነው የሚጫነው?» የሚለው ጥያቄ የዋጋም የደኅንነትም ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደኅንነቱ ላይ ቸል አትበሉ። ጣና ሰፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ በጎን ይመታል። በደንብ የተዘጋጀ ጉዞ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይነሳል። ቁርስ፣ ቡና፣ ከተማ ዙረት አድርጎ ጀልባውን ለ8 ሰዓት ያስቀመጠ መርሐ ግብር በሐይቁ ላይ ያልሠራ ሰው ያወጣው ነው። ላይፍ ጃኬት በጀልባው ስላለ ብቻ አትርኩ። አንሱት፣ ልበሱት፣ መቆለፊያውን ጠቅ አድርጉት፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። መቆለፊያው ካልያዘ፣ ማሰሪያው ከተበጠሰ ወይም በራስ በኩል ተሳቦ ከወጣ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ይወጣል። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ በክንዱ ሥር ያመልጣል። ልጅ ካላችሁ የልጅ መጠን እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ እዚያው ዳርቻ ላይ ቡና ጠጥታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

«3 ሌሊት 2 ቀን»ም ጨዋታ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፤ በመኪና ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ ነው፤ ጀልባው መቼ ነው? በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓት ነው፤ ትኬቱ ፓኬጁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የመንገዱ ሁኔታ በሚቀያየርበት በዚህ ጊዜ ደግሞ «መንገድ ቢዘጋ ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል» የሚል መስመር የሌለበት ውል አትፈርሙ።

ወደ ክፍያው። ሻጮች «ቅድሚያ ክፍያ» እና «ቀብድ» የሚሉትን እንደ አንድ ነገር ይጠቀሙበታል፤ ሕጉ ግን ቀብድን ለይቶ ያውቀዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል እንዲጻፍ ጠይቁ። «ቀብድ አይመለስም» የምትለዋ ከግርጌ የታተመች መስመር የእናንተን እጅ ብቻ እንዳታስር አንብባችሁ ፈርሙ፤ እነሱ ቢሰርዙስ የሚለው ካልተጻፈ አጽፉት።

በቴሌብርም በባንክም ስትከፍሉ የሒሳቡ ስም ከንግድ ፈቃዱ ስም ጋር ይዛመድ። ወደ «የሥራ አስኪያጁ» የግል ሒሳብ አስገቡ ካሏችሁ ነገ የምትከሱት ድርጅት የለም። ደረሰኙ የታክስ ደረሰኝ ይሁን፤ ቲኑ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) እና አድራሻው ይታይ። ፒያሳ የነበሩ ብዙ ቢሮዎች ሕንፃቸው ከፈረሰ በኋላ ሌላ ቦታ ገብተዋል፤ ደረሰኙ ላይ አሁንም የድሮው አድራሻ ካለ አዲሱን በእጃቸው ጽፈው ማኅተም ይምቱበት።

ማስታወቂያውን ዋጋውና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፤ ጉዞው ካለቀ በኋላ ከቻናሉ ይጠፋል። ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተሰጥቶታል፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። አቤቱታ ስታቀርቡ ሻጩ ቢሮ ባለበት ወረዳ የንግድ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ ስክሪንሾቱን፣ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስረጃውንና የተላላካችሁትን መልእክት በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ኮፒ «ደርሶናል» አስብላችሁ በማኅተም መልሳችሁ ተቀበሉ።