ረቂቄን ላነበቡልኝ መምህሬ፤ ምስጋናና ጥቆማ

ጎንደር ውስጥ ልቦለድ ጽፋችሁ «አሁን ለማን ላስነብበው?» የምትሉ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሴትዮዋ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈቀዱልኝም፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው፤ እኛ ተማሪዎቻቸው ዛሬም «ቲቸር» ነው የምንላቸው።

ልቦለዱን አራት ዓመት ጻፍኩት። 340 ገጽ ደርሶ አላልቅ አለኝ። ጓደኞቼ «አሪፍ ነው፣ አሳትመው» ይሉኛል፤ የቱ ጋ ነው አሪፉ ስላቸው ግን ዝም። አንድ አሳታሚ ረቂቁን ስምንት ወር አስቀምጦ አንድ ቃል ሳይጽፍበት መለሰልኝ። ያኔ ነው አስጠርዤ ቁስቋም አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ይዤ የሄድኩት።

ቲቸር መጀመሪያ ያለ እርሳስ ያነባሉ። «አንባቢ እርሳስ ይዞ አይቀመጥም» ይላሉ። ምልክት የሚያደርጉት በሁለተኛው ዙር ነው። ኅዳጉ ላይ ትንሽ መስቀል ካያችሁ፣ እዚያ ጋ አስቀምጠውት ሊነሡ ነበር ማለት ነው። የኔው ላይ አሥራ አንድ መስቀል ነበር፤ ስምንቱ በጣም የምወዳቸው ገለጻዎች ላይ። ከፋኝ፤ ሁለት ቀን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ገጾቹን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነባቸው እኔም መሀል ላይ ደከመኝ።

አንድ ቦታ ላይ አባትየው በ1927 ዓ.ም. ፒያሳ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሞ የልጁን ደብዳቤ ይጠብቃል። ቲቸር ከሥሩ አስምረው «ያ ሕንፃ የጣልያን ሥራ ነው። ጣልያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው። ታዲያ ሰውዬው የት ቆመ?» ብለው ጻፉበት። በየቀኑ በበሩ የማልፍ ሰው ይህን አላሰብኩም! አሁን አባትየው ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር ሆኖ ከመተማ የሚመጣ ነጋዴ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ወሬ ይዞ ይምጣ አይምጣ ስለማይታወቅ ትዕይንቱ ከበፊቱ ይልቅ ያስጨንቃል።

ሌላው ምልልሱ ነው። እናትየው ልጇን ስትሸኝ «ልጄ ሆይ፣ መንገድህ የቀና ይሁን ዘንድ እመኛለሁ» ትል ነበር። ቲቸር አንብበውልኝ ቀና አሉና «የአንተ እናት ስትሸኝህ ምን ትልሃለች?» አሉኝ። «ጋቢህን ደርብ፣ ማታ ይበርዳል» አልኳቸው። «እኮ! እሱን ጻፈው።» ጻፍኩት። ልጁ ጋቢውን ጥሎ ሄደ፤ ምዕራፍ 19 ላይ እናትየው አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች።

እንደገና ጽፌ ስወስድላቸው ምዕራፍ 19 መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አሰመሩና «ታሪኩ እዚህ አልቋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ምዕራፍ ነበረኝ፤ በሦስቱም ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጋቢው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነበር። አላልቅ ያለኝ ለካ መጨረሻውን አልፌው ሄጄ ነው። ቆረጥኳቸው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን የኔን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ባለመተካታቸው ነው። ይጠይቃሉ፣ ያሰምራሉ፣ ይመልሳሉ። የሚጽፈው ባለቤቱ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ በቴሌግራም የተላከ ፋይል አያነቡም። በወረቀት አትሙት፣ መስመሩን አስፉት፣ የገጽ ቁጥር አስገቡበት። መጀመሪያ ሃያ ገጽ አንብበው ይቀጥሉ እንደሆነ ይነግሯችኋል፤ ክፍያው በገጽ ነው፣ ቀድማችሁ ትስማማላችሁ። የፊደል ግድፈት አያርሙም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ቅጂ የእርስዎ ነው፤ ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።