በፎቶ ካሜራ ፊልም ስሠራ፦ ከ11 ወር በኋላ

ፒያሳ ላይ አንድ ሊስትሮ ጫማ ሲጠርግ ልቀርጽ ካሜራዬን ደቀንኩ። ልጁ ብሩሹን አየር ላይ እንደያዘ ቀጥ አለ። አንገቱን አቃና። ትንፋሹንም የያዘ መሰለኝ። አስር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ። በመጨረሻ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «አነሳኸኝ?» አለኝ።

አልተሳሳተም። የያዝኩት የፎቶ ካሜራ ነው። ካሜራው ራሱም 11 ወር ሙሉ ይህንኑ ሲያስታውሰኝ ከርሟል።

ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር የፎቶ ካሜራ ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ። 24 ሜጋፒክስል፣ ክሮፕ ሴንሰር (ምስሉን የሚይዘው ክፍል ከፉል ፍሬም፣ ማለትም ከ35 ሚሊሜትር ፊልም መጠን፣ ያነሰ)፣ ቪዲዮው 1080፤ ከዚያ የሚጠራው 4ኬ የለውም። ብራንዱን ልተወው፤ የማነሳው ቅሬታ የዚያ ዘመን ዲኤስኤልአሮች ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። አጫጭር ዶክመንተሪዎችና አንድ አጭር ፊልም ሠርቼበታለሁ። ለእንጀራ ደግሞ ሰርግ።

ለምን የፎቶ ካሜራ? በሴንሰሩ ትልቅነት ነው፤ ክሮፕም ቢሆን ከተራ ቪዲዮ ካሜራ ይበልጣል። ፊት ጥርት ብሎ ኋላው የሚደበዝዝበት ምስል ድሮ የውድ ሲኒማ ካሜራ ሀብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በፉል ፍሬም 1080 ይዞ መጣ፤ ነገሩ ያኔ ተቀየረ። እኔም በ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) የማገኘው ምስል እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። ክሮፕ ሴንሰር ላይ ግን ያው ሌንስ እንደ 80 ነው የሚያየው። ጠባብ ማኪያቶ ቤት ገብተህ ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ብትሸሽም ከሰውየው ፊት ሌላ ምንም አይገባልህም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ተበላሽቷል። አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁ ውስጥ ቀረጽኩ፤ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጥቁር መስመር በምስሉ ላይ ወደ ታች ይንከባለላል። ካሜራው ከአሜሪካ እንደመጣ በኤንቲኤስሲ፣ በአሜሪካው የቪዲዮ ደረጃ ነበር፤ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቱቦ መብራቱና ሻተሩ አልተስማሙም። አሁን ለ50 ኸርዝ አገር የሚስማማውን ፓል፣ 25 ፍሬም፣ 1/50 አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ሰውየው ግን ዳግም ልቅረጽህ ስለው እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም።

ፀሐዩ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የ6 ሰዓት ፀሐይዋ ምሕረት የላትም። ሻተሩን 1/50 ላይ ይዘህ ውጭ ከቀረጽክ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ እንኳ ሌንሱን እስከ ኤፍ 22 መዝጋት አለብህ። የደበዘዘው ኋላ በዚያው ይሰናበታል። ስለዚህ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም የሌንሱ የፀሐይ መነጽር፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚገዛ ነገር ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት በቀትር ለመቅረጽ ሞክሩ፤ ወይ ነጠላው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል ወይ ፊቷ ይጠቁራል። እኔ እስከ 10 ሰዓት እጠብቃለሁ።

ቪዲዮ ላይ ሲሆን መስታወቱ ስለሚነሳ በቪው ፋይንደሩ፣ በዓይን ማያው ቀዳዳ፣ ምንም አይታይም፤ ያለህ የኋላው ስክሪን ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ እሱም የለም። መፍትሔዬ የእናቴ ጥቁር ሻሽ ነው። ቸርችል ጎዳና ዳር እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ሻሽ ተከናንቤ ስቆም የታክሲ ረዳቶች ያሉኝን እዚህ አልጽፍም።

ከከፍታ ወደ ሠፈር ስትቀርጽ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቀለም ያለው ሞገድ ይነሳል። ሞይሬ ይሉታል። ጥልፍና ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝም ያመጣዋል። ለቃለ መጠይቅ የምጋብዘውን ሰው ባለአንድ ቀለም ልበስ እላለሁ። ካሜራውን በፍጥነት ስታዞር ደግሞ ሕንፃዎቹ ያጋድላሉ። ቀላል ባቡሩን እየተከተልኩ የቀረጽኩትን ያየ ጓደኛዬ «ከተማዋ ሰክራለች እንዴ?» ብሎኛል።

ድምፅ? የራሱን ማይክ እርሱት። የሌንሱ ሞተር ሲንኮሻኮሽ ሁሉ ይቀዳል፤ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለው ረዳትም ከተናጋሪው በላይ ይሰማል። ድምፅ ለብቻው በመቅጃ እይዛለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨበጭባለሁ፣ ኤዲት ሳደርግ በጭብጨባው አገጣጥመዋለሁ።

ያሳፈረኝ የ30 ደቂቃው ገደብ ነው። ካሜራው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሱን ያቆማል። አንድ ሰርግ ላይ ከመክፈቻው ንግግር ጀምሬ ስቀርጽ ሽማግሌው ምርቃት ጀመሩ፤ እኔ ከቤተሰቡ ጋር «አሜን» እያልኩ ነው፤ እየቀረጸ መሆኑን የምታሳየው ቀይ ነጥብ የለችም። «ውለዱ» የሚለው አለ። «ክበዱ» የለም። አሁን ንግግር በተቀየረ ቁጥር ቆርጬ እጀምራለሁ። ባትሪውም በእኔ አጠቃቀም ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው፤ ሦስት ይዤ እወጣለሁ።

ያም ሆኖ አልሸጥኩትም። ስክሪኑን በጣት ስትነካ ፎከሱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ለብቻዬ ስለምሠራ ረዳት የቀጠርኩ ያህል ነው። ማታ አይኤስኦ 1600 ድረስ ምስሉ ንጹሕ ነው፣ 3200 ይቻላል፣ ከዚያ በላይ አሸዋ። ደንበኛው 4ኬ ካለ ግን ይህን አትግዙ። ገንዘብ ያጠረውና መማር የፈለገ ይግዛ፤ ከገንዘቡም ለማይክና ለፊልተር ያስቀር።

ሊስትሮውን በኋላ ቀረጽኩት። «አዎ፣ አንስቼሃለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ልጁ ትከሻውን ጣል አደረገ፣ ብሩሹን አንዴ ሳጥኑ ላይ መታ፣ ለደንበኛው የሆነ ነገር እያወራ መጥረጉን ቀጠለ። ካሜራው አልቆመም ነበር። ሲጨርስ አሳየሁትና ላጥፋው ወይ አልኩት። ሁለቴ አየው። «ይሄኛው ይሁን» አለ፣ «የበፊቱ እኔን አይመስልም።»